እናት ማስጣል

ሐኪሙ ስለ እኔ ያለውን ለእኔ አልነገረኝም፤ ለወንድሜ ነው የነገረው። እኔን «አንዴ ኮሪደሩ ላይ ጠብቂ» ብሎ አስወጣኝና በሩን ዘጋው። ጭንቅላቴ እስከ አገጬ ድረስ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ የቀኝ ፊቴ ወርዶ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ትንሽ መስታወት ነበረው፤ በዚያ በኩል ወንድሜን ከጀርባው አየዋለሁ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። ወንድሜ ኮፍያውን ለወረዳ አስተዳዳሪ እንኳ የማያወልቅ ሰው ነው።

ሲወጣ «ጨረሱ፤ ነቅለው ጥለውታል፤ አልሐምዱሊላህ በይ» አለኝ።

«ይችን ለመናገር ነው ይህን ያህል የቆያችሁ?»

«ሐኪም ሲባል ወሬ ይወዳል» አለና ጢሙን አከከ።

ወንድሜ ሲዋሽ ጢሙን ያካል። ጢም ካወጣ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ላውቀው አልፈለግኩም። ድነሻል ሲሉት መዳን የማይፈልግ ማን አለ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ስለ ራሴ የተወራውን ከአገሩ ሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። እስክሰማው ድረስ ደግሞ ዓመታት አለፉ።

ነገሩ የጀመረው ዐረብ አገር ሳለሁ ነው። ከጆሮዬ ሥር፣ መንጋጋዬ በሚታጠፍበት በኩል፣ ሽንብራ የምታህል ነገር ወጣችብኝ። አታምም፣ አታሳክክ፤ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ወደ ሐይቅ ስመለስ ባቄላ አክላ ነበር። ከተመለስኩ በኋላ አግብቼ ሴት ልጅ ወለድኩ፤ አባቷ በተራው ወደ ዐረብ አገር ሄደና ድምፁ ጠፋ። እኔም ወደ ሐይቁ ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ዓሣ የምጠብስበት ቤት ከፈትኩ። ደንበኞቼ እብጠቷን እያዩ «ጆሮ ደግፍ ነው» ይሉኛል። ጆሮ ደግፍ የሕፃን በሽታ ነው፤ ዓመት ሙሉ ጆሮ ደግፍ የያዛት እናት ማን አይቶ ያውቃል? ግን ሰው ደግ ደጉን መገመት ይወዳል፤ እኔም እወዳለሁ። አንዷ ቅቤ እሺው አለችኝ፣ አሸሁት። ሌላዋ ዱዓ አስደርጊ አለችኝ፣ አስደረግኩ። ዓይኔ ሥር መርገብገብ፣ ከንፈሬም ወደ ጎን መሳብ ሲጀምር ወንድሜ ከአምባሰል ወርዶ በግድ ደሴ ወሰደኝ። ደሴ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ላከን።

የምራቅ ዕጢ ካንሰር ነው አሉ። ምራቅ ዕጢ እንዳለው ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው። ወንድሜ «ምላስሽ ያመጣብሽ ነው፤ ስትሳደቢ አልቆብሽ» አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። እኔም ሳቅኩለት።

ዓመቱ የለውጡ ዓመት ነበር። የተኛሁበት ክፍል ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ፍቅር፣ ስለ ይቅርታ፣ ስለ አዲስ ቀን ያወራል። የታሰሩት ተፈቱ፣ የተሰደዱት ተመለሱ በተባለ ቁጥር አጠገቤ የተኛችው ሴት፣ ጡቷን የተቆረጠች ናት፣ በደኅናው እጇ አልጋዋን እየመታች ታጨበጭብ ነበር። የማይተዋወቁ አስታማሚዎች ይሳሳማሉ። አገሩ ድኗል በተባለበት ሰሞን እኔም ድነሻል ተባልኩ፤ ሁለቱንም አመንኩ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጨረር ነበረብኝና አዲስ አበባ ቆየሁ። ልጄ ያን ጊዜ ገና ጡት ከጣለች ብዙ አልሆናትም። ወንድሜ «እስክትመለሽ እኛ ዘንድ ትቆይ» ብሎ፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ወዳለው መንደሩ ወሰዳት። ሚስቱ ደግ ሴት ናት፤ አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። ልጄ ጥሩ እጅ ላይ ናት ብዬ ደስ አለኝ።

ሐይቅ ስመለስ ምን ይዤ እንደተመለስኩ ልናገር። የቀኝ ዓይኔ አይከደንም፤ ስተኛ በፕላስተር እለጥፈዋለሁ። ውሃ ስጠጣ በከንፈሬ ጥግ ይፈሳል። አፌ ከጨረሩ ወዲህ ደረቅ ነው፤ ደረቅ እንጀራ ያለ ውሃ አይወርድልኝም። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ስበላ ጉንጬን ያልበዋል። ግንባሬ ደረቅ፣ አንገቴ ደረቅ፣ ከጆሮዬ ፊት ለፊት ያለችው ቦታ ብቻ ውሃ ታፈልቃለች። ነርሷ፣ ነርቮቹ ተቆርጠው ሲያድጉ መንገድ ይስታሉ፣ ለምራቅ የታሰበውን ለላብ ይሰጡታል ብላ አስረድታኝ ነበር። ይህን ለሰርግ ቤት ሰው እንዴት አድርጌ ላስረዳ? አንድ ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጉንጬ ሲንቆረቆር አይተው «አብሽሪ ልጄ፣ አታልቅሺ» አሉኝ። «ኧረ ሥጋው ጣፍጦኝ ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ አቅፈውኝ እሳቸው አለቀሱ።

ይህ ሁሉ ይለመዳል። ያልለመድኩት ሌላ ነው፤ የሚጣላኝ ሰው አጣሁ። እኔ ተጨቃጭቄ የምኖር ሴት ነኝ። በጠዋት ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ቃል ካልተመላለስኩ ቀኑ የነጋልኝ አይመስለኝም። ድሮ «ይኸ ዓሣ የትናንት ነው» ስላቸው «ዓይንሽ ነው የትናንቱ» ይሉኝ የነበሩት ሰዎች፣ አሁን «እሺ እትየ፣ እንቀይርልሽ» ይላሉ። ጎረቤቴ እጣቢዋን ደጄ ላይ ደፍታ ብጮህባት መጥረጊያ ይዛ መጥታ ጠረገችልኝ። ቅሬ የምንለው፣ ሰው ሲሞት የሚቀብረው የሰፈራችን ማኅበር፣ ሲሰበሰብ ድምፄን ከፍ ካደረግኩ ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። ሰው ከሙት ጋር አይጣላም። እኔ ስደርስ ወሬ ይቋረጣል፤ እኔ ስሄድ ከኋላዬ ይቀጥላል። በገዛ ሰፈሬ፣ ከተቀበርኩ በኋላ ተመልሼ የምዞር ነገር መሰልኩ። ይህ ስሜት አስፈራኝ፤ ከበሽታው ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

ወንድሜን «ሐኪሙ ምን አለህ?» እያልኩ ስንት ጊዜ ጠየቅኩት። «ድነሻል አላለሽም? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ይለኛል። እጁ ወደ ጢሙ ይሄዳል።

ልጄን ግን እያሳሳቁ ነው የወሰዷት። መጀመሪያ እስክትመለሽ አሉ። ከዚያ እስክታገግሚ። ከዚያ የአምባሰል አየር ለልጅ ሸጋ ነው። ከዚያ ደግሞ ትምህርት ቤት አስገብተናታል፣ አቋርጣ ትምጣ? በየዒዱ ይዘዋት ይመጣሉ፤ አጠገቤ ተኝታ ገና ሳትሞቅ «መኪና እንዳያመልጠን» ብለው ይዘዋት ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ አልሰጥም ብዬ በር ላይ እጇን ጨብጬ ያዝኩ። የወንድሜ ሚስት ጣቶቼን ቀስ አድርጋ ፈታች፤ እየለመነችኝ ነው የምትፈታው። «አፈር ስሆንልሽ እታለም፣ ለእሷ ስንል ነው» አለችኝ።

ለእሷ ሲሉኝ ተሸነፍኩ። ፊቴን እያየች እንዳትሸማቀቅ አስበው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እኔ ራሴ መስታወት ፊት መቆም ትቼ ነበርና ነገሩ እውነት መሰለኝ።

ወንድሜ ራሱ በሽተኛ ነበር። ስኳር ነበረበት፤ በየቀኑ ሆዱ ላይ በመርፌ ኢንሱሊን ይወጋል። ግን በሽታውን ከበሽታ ቆጥሮት አያውቅም። «ስኳር የጣፋጭ ሰው በሽታ ነው» እያለ ይቀልድበታል። መንደሩ መብራት ስለሌለው መድኃኒቱን ከደሴ ሲያመጣ ለጊዜው የሚበቃውን ይይዝና የቀረውን እኔ ቤት፣ ዓሣና ለስላሳ የማኖርበት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሐይቅ ገበያ በወረደ ቁጥር ከዚያ ይወስዳል። «እኔ ልጄን አንተ ቤት፣ አንተ ነፍስህን እኔ ፍሪጅ» እለው ነበር። ይስቃል። ሁለታችንም ስንለያይ «አደራ» እንባባላለን፤ ያን ጊዜ ልማድ እንጂ ሌላ አልነበረም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሰሜን ነው፣ ሩቅ ነው ሲባል ቆይቶ አንድ ክረምት ወልድያ ደረሰ ተባለ፤ ከዚያ መርሳ፤ ከዚያ አምባሰል። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቆረጠ። በእኔና በልጄ መካከል ግንባር ቆመ። ዓሣ እየገለበጥኩ ከውጫሌ በኩል መድፍ ሲያጓራ እሰማለሁ። ተራራው ድምፁን ተቀብሎ ስለሚመልሰው የት እንደወደቀ አይታወቅም። ከዚያ በኩል ሸሽቶ የመጣውን ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆምኩ የወንድሜን መንደር እጠይቃለሁ። አንዱ ቤቱ ደኅና ነው ይለኛል፣ አንዱ በዚያ በኩል ሰው የለም ይለኛል። ሁለቱንም ውሃ አጠጥቼ እሸኛለሁ። ወደ ቤት ገብቼ ለስላሳ ላወጣ ፍሪጁን ስከፍት ደግሞ የወንድሜ መድኃኒት በላስቲክ እንደተጠቀለለ ያየኛል።

ቀጥሎ ሐይቅም ተራዋ ደረሰ። ከተማው ወደ ደሴ ሲነቀል እኔ ቀረሁ። ድፍረት አይደለም። ልጄ ብትመጣ በዚህ መንገድ ነው የምትመጣው፤ መጥታ ቤቱ ተዘግቶ እንዳታገኘው ብዬ ነው። ታጣቂዎች ገቡ፣ መብራት ጠፋ። ኢንሱሊኑን አውጥቼ እርጥብ አሸዋ በሞላሁት ማሰሮ ውስጥ ቀበርኩት፤ ጓዳ ጥላ ውስጥ አኑሬ ጠዋት ማታ እንደ ችግኝ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ። ዓሣ የለ፣ ደንበኛ የለ፤ ሥራዬ እሱ ብቻ ሆነ። አዲስ አበባ የነበረኝ ቀጠሮ አለፈ። የዓይን ጠብታዬ አለቀ፤ ዓይኔ በአቧራው ቀልቶ በርበሬ መሰለ። እውነት ለመናገር ካንሰሬን ያን ጊዜ ረስቼው ነበር። ከካንሰር የሚያሳርፍ ነገር ቢኖር ጦርነት ነው፤ አላህ አያምጣው።

ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ፣ መንገዱ ገና መከፈቱ ነው፣ አንድ ማለዳ በሬን ስከፍት የቅሬው ሰዎች ደጄ ላይ ቆመዋል። እስላሙም ክርስቲያኑም ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። በእኛ አገር መርዶ የሚረዳው በማለዳ ነው፤ እንዲያ ቆመው ያየ ሰው መሞቱን አውቋል፣ ማን እንደሆነ ብቻ ነው የሚቀረው።

«ልጄ ናት?» አልኩ።

ሽማግሌው «አይደለችም፤ ልጅሽ አፊያ ናት» አሉኝ። «ወንድምሽ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። በልቤ አይደለም፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሰዎቹ ተያዩ። እንግዲህ የወንድሜን ሞት የተቀበልኩት በምስጋና ነው፤ ያ ድምፅ ዛሬም፣ ከሰው መሀል ሆኜ እንኳ፣ ድንገት ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ ነው መሬት ላይ የወደቅኩት።

ጥይት አልነካውም። መድኃኒቱ አልቆበት ነው። ወደ ሐይቅ ሊሻገር ሞክሮ ከመንገድ መልሰውታል። ከዚያ ከስቶ፣ ውሃ ውሃ እያለ፣ አልጋው ላይ አለቀ። ሞት የተነጠፈለትን መደብ ትቶ ሌላው ላይ ተቀመጠ። ማሰሮውን ይዤ ልሂድ አልሂድ ብዬ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ለማን ብዬ እንደሆነ እንጃ። ትቼው ወጣሁ።

ለቅሶ ቤቱ ስደርስ ልጄ ከበር ወጥታ ተቀበለችኝ። አድጋለች፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። አላቀፈችኝም፣ እጄን ሳመች። «እትየ፣ ግቢ» አለችኝና ውሃ አምጥታ አስታጠበችኝ። ለእንግዳ የሚደረገውን ሁሉ አደረገች፤ ሲያሳድጓት ጥሩ አድርገው አሳድገዋታል። ከዚያ ሄዳ የወንድሜ ሚስት ጭን ሥር ተሸጎጠች። «እማየ» ትላታለች።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ የወንድሜ ሚስት ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ ላይ፣ ጠራችኝ። ዓይኖቿ አብጠው የሉም።

«እታለም፣ እሱ እንግዲህ የለም። ይኸን ብቻዬን ልሸከመው አልችልም» አለችኝ። «ያን ጊዜ ሐኪሙ በሽታው ይመለሳል ብሎታል። አምስት ዓመት ብሎታል።»

«አምስት ዓመት ምን?»

«እኔ ምን አውቄ። እሱ ከአምስት ዓመት አታልፍም ብሎ ነው የነገረኝ።»

አሰብኩት። አብዛኛው አልፏል። ያለችኝ ተራፊ ናት ማለት ነው። የዓሣ አስጋሪዎቹ «እሺ እትየ»፣ የጎረቤቴ መጥረጊያ፣ የቅሬው ሴቶች አንገት መድፋት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር።

«ልጄንስ ለምን?» አልኩ።

«ጡት ስናስጥል እንደምናደርገው ነው ያደረግነው» አለችኝ።

እዚህ ጡት የሚጥል ልጅ እናቱ ዘንድ አይከርምም። አክስቱ ቤት ይላካል። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይረሳል፤ ሲመለስ ጡቱን አይጠይቅም። እኔም ልጄን ጡት ያስጣልኳት እንዲሁ፣ እዚሁ ቤት ልኬ ነው።

«አንች ስትሞች እንዳትጎዳ፣ አስቀድማ ትርሳሽ ብሎ ነው» አለችኝ። «እያለቀሰ ነው ያለው፣ ወላሂ። አንች ስትለምኝው የዋልሽ ቀን እህል አይቀምስም ነበር።»

ጮህኩባት። «እናት ጡት ናት እንዴ የምትጣለው? በቁሜ ቀብራችሁኝ ሰደቃዬን ብሉ እንጂ!» አልኳት። የአዲስ ሐዘንተኛ ቤት መሆኑን ረሳሁት። እሷም ብድግ አለችና «ታዲያ ምን እናድርግ? አንች ሞተሽ ልጅቷ በየሰው ደጅ ስትንከራተት እንይ?» ብላ ጮኸችብኝ። ከዓመታት በኋላ መልሶ የጮኸብኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ተያይዘን አለቀስን። ተናደድኩባት፣ አዘንኩላት፣ አመሰገንኳት፤ የትኛው እንደሚበልጥ ዛሬም አላውቅም።

ልጄን የዚያን ቀን አልወሰድኳትም። በየትኛው አፌ? ሊሞት የቀረበ ሰው ልጅ ሊወስድ ይመጣል? መጀመሪያ ማወቅ ነበረብኝ። አዲስ አበባ ወረድኩ።

የቀደደኝ ሐኪም ለቆ ሄዷል። የተቀበለችኝ ወጣት ሴት ናት። ካርዴን አገላበጠች፣ አንገቴን ዳበሰች፣ ሳንባዬን አስነስታ መልሳ ጠራችኝ። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅላ አየችውና «ቤተሰብ አብሮሽ አለ?» አለችኝ።

«ቤተሰቤ እኔ ነኝ» አልኳት። «ለእኔ ንገሪኝ።»

ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። የእኔ ዓይነቱ ካንሰር ቀርፋፋ ነው አለችኝ። ነርቭ ተከትሎ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው የፊቴ ነርቭ የተቆረጠው። ብዙ ሰው አምስት ዓመትን ያልፋል። ችግሩ፣ ይህኛው አምስት ዓመት ስላለፈ አይተውም፤ ከአሥርም ከዚያ በላይም ዓመት በኋላ ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜም ሳንባ ላይ ነው የሚታየው። እዚያ ከታየ በኋላም ዓመታት የሚኖር አለ።

«ለወንድሜ ታዲያ እህትህ ከአምስት ዓመት አታልፍም ያሉት?»

«ሲነግሩት እኔ አልነበርኩም» አለችኝ። «እኔ ብሆን የምለው፣ አምስት ዓመት ማለፍ ለዚህ በሽታ መዳን አይደለም፣ ክትትሉ እንዳይቋረጥ ነው።»

ወንድሜን ከበሩ መስታወት ወዲያ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አየሁት። ሐኪሙ ሙሉውን ነግሮት ይሆናል። እሱ ግን እህቱን የሚገድላትን ብቻ ይዞ ወጣ። ከፈራ ሰው ጆሮ ሌላ ምን ይገባል? ክፉውን ለብቻው ተሸክሞ፣ ለእኔ መዳኑን ሰጠኝ። ፍቅሩ ነው። ልጄን የነጠቀኝም ያው ፍቅሩ ነው።

«ሳንባሽ ላይ ግን» አለች ዶክተሯ፣ «ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉ።» በጣቷ አሳየችኝ። ጤፍ የበተኑበት ይመስላል። አሁን አንነካቸውም፣ በየጊዜው እያየን እንከታተላቸዋለን አለችኝ።

«ስንት ጊዜ አለኝ?»

«አላውቅም» አለች። «ቁጥር ብነግርሽ ዋሸሁሽ ማለት ነው። ለብዙ ዓመት ዝም ብለው ሊቀመጡ ይችላሉ። ላይቀመጡም ይችላሉ።»

እንዲያ ያለ «አላውቅም» ሰምቼ አላውቅም፤ ፊት ለፊቴ፣ ዓይኔን እያየ። ከሕክምና ቤቱ ወጥቼ መንገድ ዳር ቆምኩ። በፊት የማይነግሩኝ ሰዎች ነበሩ የሚያስፈሩኝ፤ አሁን የገዛ ደረቴ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳስል ራሴን አዳምጣለሁ፤ ብርድ ቢሆንም አዳምጣለሁ።

ከአዲስ አበባ ቀጥታ ወደ አምባሰል ወጣሁ። ለወንድሜ ሚስት የተባልኩትን ሁሉ ነገርኳት። ነጠብጣቡንም አልደበቅኳትም። ሰምታ ስትጨርስ «እሷ ትምረጥ» አለችኝና ልጄን ጠርታ ከእኔ ጋር ትታን ወጣች። ደፉ ላይ ተቀመጥን፤ ልጄ ትንሽ ራቅ ብላ ነው የተቀመጠችው።

«ከእኔ ጋር ሐይቅ ትሄጃለሽ?» አልኳት።

መሬቱን በእንጨት እየጫረች ቆየች። «አልችልም» አለች። «እንዳልለምድሽ ተብያለሁ።»

«ማን አለሽ?»

«አባየ።» ወንድሜን ነው። «ስትሞች እንዳልጎዳ።»

እሷ ግን አልጨረሰችም። መጫሯን ትታ ቀና ብላ አየችኝ፤ ገና ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየችኝ።

«እሱን ግን ልመጅው አሉኝ» አለች። «ለመድኩት።»

ለወንድሜ ስታለቅስ ማንም አላያትም ነበር፤ ሴቶቹ «ጠንካራ ልጅ» ሲሏት ሰምቻለሁ። አሁን አለቀሰች። ጎትቼ ጭኔ ላይ አደረግኳት፤ አልከበደችኝም። እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

«እኔም ታምሜያለሁ» አልኳት። «ሳንባዬ ላይ ትንንሽ ነገር አለ። እሞት ይሆናል። ቶሎ ይሁን ቆይቶ ሐኪሟም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። መምጣትም መቅረትም ትችያለሽ፤ አልቆጣሽም።»

«ሐኪሟ ስታውቅ ለማን ትነግራለች?»

«ለእኔ።»

«አንችስ?»

«ለአንች።»

«ለእማየ ሳትነግሪ?»

«ከሁሉ በፊት ለአንች።»

አፍንጫዋን በቀሚሷ ጠረገች። ተነሥታ ጫማዋን ልታመጣ ገባች።

አሁን ሐይቅ ትማራለች። አክስቷን በየዒዱ ሄደን እናያታለን፤ ዛሬም «እማየ» ትላታለች፤ እኔን አንዳንዴ «እትየ»፣ አንዳንዴ «እማየ»። አላርማትም። በየዓመቱ ከአዲስ አበባ ስመለስ መናኸሪያ መጥታ ትጠብቀኛለች፤ ሰላም ሳትለኝ «ምን አሉሽ?» ትለኛለች። እስከ አምና «እንዳሉ ናቸው» እላት ነበር፤ እውነት ነበር። ዘንድሮ አንዷ ነጠብጣብ አድጋለች። ከሚኒባሱ ስወርድ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ሻንጣዬን ከእጄ ተቀበለችኝ።